የዘጠነኛው ኩርባ ኮፈን

ከደረባ ከተማ ተነስቶ ወደ ደጋው የሚወጣው ጠምዛዛ መንገድ ዘጠነኛው ኩርባ ላይ ሲደርስ፣ በስተግራ በኩል፣ በድንጋይ ካብ ላይ የተጋደመ አንድ አሮጌ የመኪና ሞተር መክደኛ፣ ኮፈን፣ ይታያል። ዝገት ስለበላው ቀለሙ ምን እንደነበረ መለየት ያስቸግራል። ጠርዙ ላይ አራት ቀዳዳዎች አሉት፤ በአንደኛው ቀዳዳ ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ የተጠመዘዘ የሽቦ ቁራጭ ቀርቷል። ሽቦውን የሚነካ ሰው የለም። በዚህ ምክንያት ቦታው ራሱ ኮፈን ይባላል፤ ሹፌሮችም «ኮፈን ደርሰናል» ካሉ የዳገቱ እኩሌታ አለቀ ማለታቸው ነው።

በየዓመቱ ግንቦት በገባ በሁለተኛው እሑድ፣ አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች ከየአገሩ መኪናቸውን እየነዱ ወደ ደረባ ይመጣሉ። መኪኖቹ ሁሉ አካላቸው የአያት ዘመን፣ ሞተራቸው ግን ከሌላ ኃይለኛ መኪና የመጣ ስለሆነ ለእንግዳ ሰው አንድ ዓይነት ይመስሉታል። የአገሩ ሰው ግን ለሁለት ይከፍላቸዋል። ኮፈኑና የጎማ መከለያው ፓራፋንጎ ወልቆ፣ ሞተሩ ለዓይን ተጋልጦ፣ የብየዳው ጠባሳ ሳይሸፈን፣ ለፍጥነት ብቻ የተራቆተው «ገስጋሽ» ይባላል። አሮጌ መልኩን እንደያዘ ከሥሩ አዲስ ፍሬንና አዲስ ባሌስትራ የገባለት፣ ወንበሩ የተሟላ፣ ቤተሰብ ጭኖ ረጅም መንገድ እንዲሄድ የተሰናዳው ደግሞ «አድራሽ» ይባላል። መኪኖቹ ዳገቱን ከመጀመራቸው በፊት ከታች ካለው የሾላ ዛፍ ሥር ይቆማሉ፤ በዚያ የተቀመጠው ሽማግሌም እያንዳንዱን ሹፌር «ኋላ ማን ተቀምጧል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ሁለት ብቻ ነው። መልሱ ከየት እንደመጣ የደረባ ሽማግሌዎች እንደሚከተለው ይናገራሉ።

ባቡሩ በየቀኑ በሚያልፍበት ዘመን፣ በዳገቱ ግርጌ አንድ ጋራዥ ነበረ ይባላል። የጋራዡ ባለቤት ዘርጋው የሚባል፣ የመኪና አካል እየቀጠቀጠ የሚያቃና የባትላሜራ ሠራተኛ ሲሆን፣ አብሮት የሚሠራው የሚስቱ የብርቅነሽ ታናሽ ወንድም፣ መካኒኩ ሲራክ ነበር። ዘርጋው ብሎን ካጠበቀ በኋላ ተመልሶ መጥበቁን የሚያይ፣ ቤቱን ቆልፎ ከወጣ በኋላ ከመንገድ ተመልሶ ቁልፉን የሚነካ ሰው ነበር ይላሉ። ሲራክ በበኩሉ እጁ ፈጣን፣ አፉም ከእጁ የማያንስ ነበር።

እንደሚነገረው ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዓመት የተሠሩ ሁለት ጥቁር የጣሊያን መኪኖች ከወደቁበት አንስተው ወደ ጋራዡ አመጧቸው፤ እያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ተካፍለው እንደየልባቸው ይሠሩ ጀመር። ሲራክ የከባድ መኪና ሞተር ገጠመበትና ክብደት ነው ያለውን ሁሉ መቁረጥ ያዘ። በዚያ ጊዜ ሹፌሮች ዳገቱን ማን ቀድሞ ይወጣል እያሉ ይፎካከሩ ነበር፤ የእሱም ሐሳብ ያው ነበር። ፓራፋንጎው ሄደ፤ ጣራው ሄደ፤ የፊት መስታወቱ ሄደ፤ ኮፈኑም ወልቆ ግድግዳ ተደገፈ። የሞተሩን ማራገቢያ እንኳ ጉልበት ይበላል ብሎ ፈታው፤ መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል ነበር የሚለው። የኋላውን ወንበር የፈታለት ዘርጋው ራሱ ነው፤ ፈትቶም ስፖንጁ ከራሱ መኪና ወንበር የተሻለ ሆኖ ስላገኘው ለራሱ መኪና ወሰደው። የዘርጋው መኪና በአንጻሩ ከቀን ወደ ቀን እየሞላ ሄደ። ፍሬኑን ከአዲስ መኪና አምጥቶ አስማማ፤ በሮቹ ንፋስ እንዳያስገቡ ጎማ ዞረባቸው፤ ቀለሙም ሦስት ጊዜ ተቀባ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መኪና አይደለም፣ ሳሎን ነው» ይለው ነበር ሲራክ። «መጋረጃ ስቀልበትና እንግዳ ጥራበት።»

«ያንተስ? ተገፎ የተሰቀለ በግ አይደል?»

«በጉ አሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርሳል። ያንተ መቼ ነው ከጋራዡ በር የሚወጣው?»

ጎማ የሚጠግነው ጎረቤታቸው አደም ይህን እየሰማ ይስቅ ነበር። «ብርቅነሽ ታሳዝነኛለች» ይላል። «ወንድሟ መኪናውን ፈትቶ አይጨርስ፣ ባሏ ገጥሞ አይጨርስ።»

ብርቅነሽ በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ከአሥር ዓመት ጥበቃ በኋላ የመጣ እርግዝና ስለሆነ ዘርጋው በእሱም ላይ ፍተሻ አበዛ፤ ሌሊት ትንፋሿን ያዳምጣል፣ ውሃ ስትቀዳ ተከትሏት ይሄዳል። መኪናውንም የሚያሰናዳው ቀኗ ሲደርስ በደጋው ከተማ ወዳለው ሆስፒታል በደህና ሊያደርሳት መሆኑን ለሁሉም ነግሯል። በሚያዝያ መጨረሻ መኪናው አለቀ፤ ዳገቱንም ሁለት ጊዜ ወጥቶ ወረደ። ነገር ግን ሲወርድ ከቀኝ ጎማው በኩል አንድ ድምፅ የሰማ መሰለው። ሲራክ አብሮት ወርዶ አዳመጠ፤ ምንም አልነበረም። አደምም አዳመጠ፤ ምንም አልነበረም። ዘርጋው ግን አላረፈም። በግንቦት ሁለተኛው እሑድ ጠዋት መኪናውን በእንጨት ላይ ሰቅሎ አራቱን ጎማ አወለቀ፣ የፍሬኑን ዘይት አፈሰሰ፣ ፍሬኑንም ለአራተኛ ጊዜ በታትኖ ጨርቅ ላይ ዘረጋው።

ምጡ የመጣው በዚያ ቀን ነው። አዋላጇ ወደ ቀትር ገደማ ከጓዳ ወጥታ «ልጁ ተጋድሟል፤ እኔ አልችልም፤ አሁኑኑ ወደ ላይ ውሰዷት» አለች። የጭነት መኪኖቹ በማለዳ ወጥተው ሄደዋል፤ እስከ ማታም የሚመለስ የለም። ዘርጋው ጨርቁ ላይ የተዘረጋውን ብረት ተመለከተ። መልሶ ለመግጠም ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ሲራክ ግን መኪናውን አስነስቶ በሩ ላይ አቁሞት ነበር።

ብርቅነሽን ደግፈው ከሲራክ ጎን አስቀመጧት። ዘርጋው ያን ጊዜ ከፊቷ ያለውን ክፍት ሞተር አየ።

«ኮፈኑን ግጠምበት» አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ መኪና ኮፈን አይወድም። ማራገቢያ የለውም እኮ፣ በነፋስ ነው የሚኖረው።»

«ውሃው ቢፈላስ? ፊቷ ላይ ነው የሚረጨው! መስታወት እንኳ የለህም!»

«ከሮጥኩ አይፈላም።»

«ምጥ የያዛትን ይዘህ ነው የምትሮጠው? ቀስ ብለህ ነው የምትሄደው። በእናትህ፣ ሲራክ፣ ቀስ ብለህ!»

ሲራክ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ብርቅነሽ ጥርሷን ነክሳ «አትጨቃጨቁብኝ» አለች። «እሱ ያለህን አድርግና ንዳ።»

ኮፈኑን ከግድግዳው አንስቶ ያመጣው ዘርጋው ነው። መቆለፊያው ድሮ ተቆርጦ ስለነበር በአራቱ ቀዳዳ ሽቦ አስገብቶ በፒንሳ ጠመዘዘው፤ አራቱንም ጠምዝዞ ከጨረሰ በኋላ ተመልሶ የመጀመሪያውን አጠበቀ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ ሊወጣ ሲል መቀመጫ አጣ። ወለሉ ራሱ ተቆርጦ ነበርና ከሥሩ አፈር ይታይ ነበር።

«እኔስ?» አለ።

«ቦታ የለም፣ ጋሼ» አለ ሲራክ። «ወንበሩን አንተው ነህ የፈታኸው።»

ከጋራዡ በር ላይ ሆኖ ዳገቱን በጆሮ መከተል ይቻላል፤ በእያንዳንዱ ኩርባ የሞተሩ ድምፅ ይለወጣልና። ዘርጋው ቆሞ ቆጠረ። ሲራክ እንደታዘዘው፣ ከዚያ በፊት ነድቶ በማያውቀው እርጋታ እየነዳ ነበር። ሽማግሌዎቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፤ ዘርጋው ያን የቀስታ ድምፅ ሲሰማ ልቡ ተረጋግቶ ፈገግ ብሎ ነበር ይባላልና። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት አለ። በዘጠነኛው ላይ ድምፁ ተቋረጠ፤ ነጭ እንፋሎትም ከኩርባው በላይ ሲወጣ ታየ።

ዘርጋው በአንድ እጁ የውሃ ጀሪካን ይዞ ሮጠ። ሲደርስ ሲራክ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። ሽቦውን በባዶ እጁ በጥሶ፣ የጋለውን ኮፈን ገንጥሎ፣ ዛፍ በሌለበት በዚያ ዳገት ላይ ለተኛችው እህቱ በሁለት እጁ ከበላይዋ ይዞ ጥላ ሆኖላት ነበር። መዳፉ ተልጦ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል።

«ጋሼ፣ ጥላውን ያዝልኝ» አለ። «እጄ ዛለ። ለአፍታ ተኝታ ነው፤ ፀሐይ እንዳይነካት።»

ዘርጋው ጎንበስ ብሎ ትንፋሿን አዳመጠ፤ ሌሊት ሌሊት እንደሚያደርገው። ከዚያም ኮፈኑን ተቀበለውና ያዘ። ሕፃኑም አልዳነም።

በለቅሶው ድንኳን የደረባ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ ያ እብድ በዚያ በተራቆተ ብረቱ ገደላት የሚል። ሲራክ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከድንኳኑ በር አጠገብ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ሰማ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ ዘርጋውን አየው። ዘርጋው አንገቱን ደፋ። ኮፈኑን ያስገጠመው ማን እንደሆነ፣ ቀስ በል ያለው ማን እንደሆነ ሁለቱ ብቻ ያውቁ ነበር፤ አዋላጇ ዕቃዋን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገብታ፣ አደምም በዚያ ቀን ሥራ አልገባም ነበርና። ሲራክ አልተናገረም። ዘርጋውም አልተናገረም። በሠልስቱ ማግስት ሲራክ ወደ ወደብ በሚወርድ የጭነት መኪና ተሳፍሮ ሄደ።

ዘርጋው ከዚያ በኋላ ያደረገውን የተናገረው ራሱ ነው ይባላል። የሲራክን መኪና ከኩርባው አስጎትቶ አወረደው። ራዲያተሩን ሞልቶ፣ ኮፈኑን በአዲስ ሽቦ አስሮ፣ በቀትር ፀሐይ ቀስ እያለ ዳገቱን ወጣ፤ ዘጠነኛው ኩርባ ላይ ፈላ። በሌላ ቀን እንደገና ሞከረ፤ እዚያው ፈላ። ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ። ከዚያ ኮፈኑን አውልቆ፣ በሕይወቱ በፍጥነት ነድቶ የማያውቅ ሰው፣ ዓይኑ እንባ እያፈሰሰ እስከ መጨረሻው ረገጠው። ሞተሩ አልፈላም። በአሥራ ሁለት ደቂቃ ከሆስፒታሉ በር ደረሰ፤ እዚያም ሞተሩን ሳያጠፋ ብዙ ጊዜ ተቀመጠ።

በአርባው ቀን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነስቶ ቆመ።

«ሲራክ አልገደላትም» አለ። «ያ መኪና እንዲሮጥ የተሠራ ነው። እኔ እንደኔ መኪና ይሁን ብዬ ከደንኩት፣ ቀስ ብሎ እንዲሄድ አደረግኩት። የኔው ደግሞ እንድታደርሳት ተሠርታ፣ በዚያች ቀን ጨርቅ ላይ በትኛት ነበር።»

አደም ነበር የጠየቀው። «ታዲያ አርባ ቀን ሙሉ ምን አፍህን ያዘው፣ ዘርጋው?»

«ስፈትሽ ነበር» አለ ዘርጋው።

ወሬው በሹፌሮች አፍ ተላከ። አንዱ ሹፌር ከወራት በኋላ ተመልሶ፣ ሲራክን ወደቡ አጠገብ ጭነት ሲያወርድ እንዳገኘውና ሁሉን እንደነገረው አወራ። ሲራክ አዳምጦ ሲያበቃ «ፍሬኑን ገጠመው?» ብሎ ብቻ ጠየቀ ይባላል። ወደ ደረባ ግን አልተመለሰም። አንዳንዶች እዚያው ሞተ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከዚያ ወዲያ መሪ ጨብጦ አያውቅም ይላሉ፤ እርግጡን የሚያውቅ የለም።

ዘርጋው ፍሬኑን ገጠመ። ከዚያም ኮፈኑን በራሱ ተሸክሞ ዘጠነኛው ኩርባ ላይ ድንጋይ ክቦ አስቀመጠው። በመኪናው ከኋላ፣ በስተቀኝ በኩል፣ ለብርቅነሽ ባሰናዳው ቦታ ላይ እስኪሞት ድረስ ሰው አላስቀመጠም። ሲያረጅም ከሾላው ሥር ተቀምጦ አሮጌ መኪና ይዞ የመጣውን ሁሉ ኋላ ማን እንደተቀመጠ ይጠይቅ ጀመር፤ ገስጋሽና አድራሽ የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው ይባላል። አንዱን ከአንዱ አላበለጠም። የሚቆጣው ገስጋሽ ላይ ኮፈን የገጠመውን፣ አድራሽ ከሆነው ላይ ደግሞ ወንበር የፈታውን ሰው ሲያይ ብቻ ነበር።

ዛሬም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ጎልማሶች ልዩነቱ ቀለም ነው፣ ሞተር ነው፣ ጎማ ነው እያሉ በሾላው ሥር ይከራከራሉ፤ ሽማግሌዎቹ አይገቡበትም። ተራው የደረሰ ሹፌር ቀርቦ ሲቆም ጥያቄው ይቀርብለታል። አድራሽ የያዘው በስተቀኝ በኩል ባዶ የተተወውን የኋላ ወንበር እያመለከተ «ብርቅነሽ» ይላል፤ ይለፍ ይባላል፤ ኮፈን ጋ ሲደርስም ፍጥነቱን ቀንሶ ያልፋል። ገስጋሽ የያዘው «ቦታ የለም» ይላል። ጠያቂው ያን ጊዜ ከመንገዱ ዘወር ብሎ «እንግዲያው ሩጥ፤ ቀስ በል የሚልህ የለም» ይለዋል። እሱ ኮፈን ጋ ሲደርስ አይቀንስም፤ እንግዳ ሰው ድፍረት ይመስለዋል። ከታች የቀሩት ግን ወሬያቸውን አቁመው በጆሯቸው ኩርባዎቹን ይቆጥራሉ፤ ሞተሩ አሥረኛው ላይ ሲደርስ እስኪሰሙም ድረስ ማንም ቃል አይናገርም።