ጎማ በትኩሱ አይለካም

አንድ ነገር አንዴ ከሰማሁ ከጆሮዬ አይወጣም። የተወለድኩ ዕለት ማን ከልቡ እልል እንዳለ፣ ማን ለይሉኝታ እንዳለ ጠይቁኝ፤ በስም በስማቸው እጠራላችኋለሁ። ስለዚህ ይሄንንም እመኑኝ።

ላቀው የሚባል የአይሱዙ ሹፌር ከሚስቱ ከጥሩወርቅ ጋር ሽንኩርት ጭኖ ከመቂ ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል። እሷ የጎሚስታ ልጅ ናት፤ ጎማ ሲነፋና ሲለጠፍ እያየች ነው ያደገችው። መንገድ ስቶ እንደነበር ምሳ ላይ ለሹፌር ጓደኞቹ ነግራ አስቃበት ኖሮ፣ ከዚያ ወዲያ ጭቅጭቁን አላቆመም። የጫኑት ሽንኩርት እንኳ ሰምቶ አለቀሰ። ሙቀቱማ አይወራ፤ የዚያ አገር ዶሮ የምትጥለው የተቀቀለ እንቁላል ነው።

ለአዳር አዋሽ እንደደረሱ ላቀው ወርዶ ጎማውን ለካ። ከልኩ በላይ ተወጥሯል። ሊያስተነፍሰው አጎነበሰና፣ በዚያው ንዴቱ፣ ትዳሩም እዚሁ እንዲያበቃ፣ እሷም ጠዋት በአውቶቡስ ወደ እናቷ እንድትመለስ ተናገረ።

ጥሩወርቅ ድምጿን አላነሳችም፤ እጁን ያዘችው።

"ተው፣ አሁን አትንካው። መንገዱ አሙቆት ነው። ጠዋት ሲበርድ ይለካል።"

"ጎማው ነው ወይስ ትዳሩ?"

"ሁለቱም።"

ጠዋት ተለካ። በመኪናው በር ላይ ከተጻፈው ልክ አልጎደለም፣ አልተረፈም። አስተንፍሶት ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሁሉ ጭነት በላላ ጎማ ላይ አርፎ፣ ጎማው እየጋለ ሄዶ መንገድ ላይ ይፈነዳ ነበር።

የመቂ አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ። ላቀው መለኪያውን ያገላብጣል፣ ቀና ብሎ አያያትም።

"እኔስ?" አለ ቀስ ብሎ።

ግንባሩን በመዳፏ ዳሰሰችው። "በርደሃል። ትንሽ ጎድለሃል እንጂ፤ ና ቁርስ ብላ።"

አውቶቡሱ ያለሷ ሄደ።

እኔ ለዚች ሴት ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሳላት ነበር። መለኪያ ሁሉም ሰው ኪሱ ይይዛል፤ እሷ መቼ እንደሚለካ ታውቃለች። ጎማ ጠዋት ሳይነዳ ነው የሚለካው፤ ሰውም ንዴቱ ሲበርድለት። በትኩሱ ያስተነፈሳችሁትን ጎማ መልሰው ይነፉላችኋል፤ በትኩሱ ለበተናችሁት ትዳር ግን ጎሚስታ የለም።

እናንተስ አሁን በትኩሱ እየለካችሁት ያለው ማንን ነው? በረድ በሉና ዛሬ ማታ ደውላችሁ ንገሩኝ። ሚስኮል አልቀበልም።