ጥላው አጥሩን ሲነካ

ድሮ ነው ልጆቼ፤ አያቴ ገና ፊደል ያልቆጠረች ሕፃን ሳለች። ይሄ ዋርካ ራሱ ያኔ ጎረምሳ ነበር።

በመንደራችን የኔታ ስብሐቱ የሚባሉ የፊደል አስተማሪ ነበሩ። ድሃ ናቸው፤ ጋቢያቸው የተጣፈ፣ አንድ እግራቸው አንካሳ። ልጆቹን እዚሁ ዋርካ ሥር ያስተምራሉ። ሰዓቱን የሚያውቁት በጥላው ነው፤ ጥላው አጥሩን ሲነካ ልጆቹ ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ያጠፋ ልጅ ግን ቀርቶ ግቢውን ይጠርጋል።

ከልጆቹ አንዱ አንለይ ይባላል። እሳት ነበር! አንድ ቀን የጓደኛውን የብራና ፊደል ቀደደ። መንደሩ “ይገረፍ!” አለ። የኔታ አልገረፉትም፤ አስቀሩት፣ ጠረገ።

ሌላ ቀን አጥሩን ጥሶ ፍየሎች አስገባ። መንደሩ “እግር ብረት ይግባለት!” አለ። የኔታ አላሰሩትም፤ አስቀሩት፣ ጠረገ። ሽማግሌዎቹ ግን “ከእንግዲህ ቢያጠፋ ይባረራል” ብለው ቆረጡ።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሕፃን ገፍትሮ ግንባሯን ፈነከታት። መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። የኔታም ተናደዱ፤ ሰው አይደሉ! አርጩሜ አነሱ። ያኔ ዓይናቸው መሬቱ ላይ አረፈ። ጥላው አጥሩ ሥር ደርሷል። ፊደሉ ሲቀደድም እዚያው ነበር። ፍየሎቹ ሲገቡም እዚያው ነበር።

ክንዳቸው ወረደ። “አንለይ፣ ልጄ፣ ቤት ማን አለ?”

ልጁ አቀረቀረ። “ማንም የለም፣ የኔታ። እማዬ ከሞተች ወዲህ ማንም የለም። አባቴ ሲመሽ ነው የሚመጣው። ቤቱ ያስፈራኛል።”

የኔታ አርጩሜውን ሰብረው ጣሉት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “እኛ ስንቀጣው የከረምን መስሎን ነበር” አሉ ለሽማግሌዎቹ፤ “እሱ ለካ እንድናስቀረው ሲለምነን ነው የከረመው።”

አልተባረረም። ሕፃኗን ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያም በየማታው ሳያጠፋ እየቀረ ሀሁ ያስቆጥራት ጀመር። እርግጥ ወዲያው መልአክ አልሆነም፤ መልአክ የሆነ ተማሪ ካያችሁ ለእኔም አሳዩኝ!

ያቺ ሕፃን አያቴ ናት። እኔን ፊደል ስታስቆጥረኝ ጠባሳው ግንባሯ ላይ ነበር። በአገራችን ልጅ ለመምታት የቸኮለን ሰው “አርጩሜ ከማንሳትህ በፊት ጥላውን እይ” የምንለው ከዚያ ወዲህ ነው።

በሉ ተነሱ፤ ጥላው አጥሩን ነክቷል። መቆየት የሚሻ ግን ይቀመጥ። ለምን ብዬ አልጠይቅም።