የድንቹ ማሳና የአለቃው ባርኔጣ

እንጅባራ አካባቢ ለአንድ የቺፕስ ፋብሪካ በውል ድንች የሚያመርት አፈኛ ገበሬ ነበር። አንድ ቀን የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ደምመላሽ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ታብሌታቸውን ታቅፈው ከች አሉ። መንደሩም ወጥቶ ከበባቸው።

«ይኸው፣ ከሳተላይት የተነሳ ፎቶ» አሉት። «የሰው ሁሉ ማሳ አረንጓዴ ነው፤ ያንተ ብቻ ባዶ ነው። የሰጠንህን ዘር ቀቅለህ በልተኸዋል። ውላችን ከዛሬ ጀምሮ ፈርሷል።»

«ጌታዬ፣ ድንቹማ ደርሷል። ልጣጩ እንዲጠነክር ብዬ ቅጠሉን ያጨድኩት እኔው ነኝ። ልቆፍርና ይዩት።»

«ምን ያስቆፍራል? ከላይ ባዶ ከሆነ ባዶ ነው።»

ይህን ብለው ላብ ስላጠመቃቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። መላጣቸው ፀሐይ ላይ ቦግ አለ።

ገበሬው ሰማዩን አየ፤ ቀጥሎ መላጣውን አየ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ቶሎ ይድፉት» አላቸው። «ያ ሳተላይት አሁን ፎቶ ካነሳዎት፣ ውስጡም ባዶ ነው ብሎ ከሥራ ያስባርርዎታል። እኔ እንኳ ሳልቆፍር እንዲህ አልልም።»

አቶ ደምመላሽ ባርኔጣቸውን እስከ ጆሯቸው ደፉና «ዶማ አምጡ» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ ጭንቅላታቸው ሲያይ ጊዜ፣ «ለማሳው ነው» ብለው ጨመሩ።