አያ ቢላውና አፍንጫ ረጅሟ አክስቱ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ አልፎ የባሮ ወንዝ ከሜዳው ላይ ውኃውን መሰብሰብ ሲጀምር፣ የዓሦች ሁሉ ጭንቀት አንድ ሆነ፤ የት እንግባ? ጎርፉ ሸሽቶ ሜዳው ላይ የቀሩት ሁለት ኩሬዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛው የሣር ኩሬ ነው፤ ጥልቅ፣ ድፍርስና ሣር የበዛበት። ሁለተኛው የድንጋይ ኩሬ ነው፤ ውኃው ጥርት ያለ፣ ጥልቀቱ ግን ከጉልበት የማያልፍ። አያ አንበሶ «ዘመድ ከዘመዱ ጋር ይግባ፤ የጎረቤት ጠብ እንዳልሰማ!» ብሎ አዘዘና ለምደባው ሹም ፈለገ። ጅብ እጁን አወጣ። ሌላ እጅ ያወጣ ስላልነበረ ተሾመ።

ከሁሉም ይልቅ ልቡ የተሰቀለው የአያ ቢላው ነበር። አያ ቢላው ረጅም፣ ጠፍጣፋ፣ ወደ ጅራቱ እየቀጠነ የሚሾል ዓሣ ነው። ጀርባው ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አንድ ክንፍ አለው፤ እሱን እያርገበገበ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል ይዋኛል። ያን ሰሞን በሣር በሠራው ተንሳፋፊ ጎጆ ውስጥ እንቁላሎች ነበሩት፤ በእነሱ ወገን ደግሞ እንቁላል የሚጠብቀው አባት ነው። ሊፈለፈሉ አምስት ቀን ቀርቷቸዋል። አያ ቢላው ምግቡን እንኳ የሚበላው አንድ ዓይኑን ጎጆው ላይ ጥሎ ነበር።

ጅብ ግን ማን የማን ዘመድ እንደሆነ በምን ይወቀው? ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን ሲያክ እሜት ቀበሮ መጣች።

«አያ ጅቦ፣ ይሄ ደግሞ ምኑ ይከብዳል?» አለችው። «ዓሣ አጥማጅ የጣለውን ቢላዋ አግኝተህ የለ? እሱን እያስጠጋህ አስተያይ። ቢላዋ የሚመስለውን ሁሉ አንድ ዘር ነው በልና ድንጋይ ኩሬ ክተተው።»

«ለምን ድንጋይ ኩሬ?»

«ውኃው ጉልበትህ ድረስ ነዋ!»

ጅብ ነገሩ እስኪገባው ጉልበቱን አጎንብሶ አየ። ሲገባው ምራቁን ዋጠ።

ዓሦቹ ተሰለፉ። መጀመሪያ ጩቤ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ቀረበ። እሱም ስልና ጠፍጣፋ ነው፤ ረጅሙ ክንፉ ግን ያለው ከሆዱ በታች ነው። ጅብ ለክንፍ ግድ አልነበረውም። «ቢላ!» አለ። አያ ቢላው ቀረበ። «ቢላ! ሁለታችሁም ድንጋይ ኩሬ!»

«ኧረ ተው አያ ጅቦ!» አሉ ከኋላ አንዲት አሮጊት ዓሣ። እሜት ኩምቢት ናቸው፤ አፍንጫቸው እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደ ታች የወረደ፣ መልካቸውም ጭቃ የመሰለ። «ቢላው እኮ የእህቴ ልጅ ነው። እኔና እሱ ዓይን በማያሳይ ድፍርስ ውስጥ የምንግባባው ከጅራታችን በሚወጣ ስስ ንዝረት ነው። ጩቤ ይህን አያውቀውም። ደግሞም እንቁላል አለበት፤ ያለ ሣር ጎጆውን በምን ይጠግናል?»

«ይልቅ አፍንጫሽን አይተሽዋል?» አላቸው ጅብ። የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ጅብም ወደ አያ ቢላው ዞረ። «አንተው ተናገር። ዘመድህ ማነው?»

አያ ቢላው እውነቱን ያውቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ በድፍርሱ ውኃ መንገድ ያሳዩት እኚህ አክስቱ ናቸው። ነገር ግን ሳቁ ገና አልበረደም፤ ያ አፍንጫም ፊቱ ተደቅኗል። ጩቤ ደግሞ ያምራል፤ ያብረቀርቃል።

«እኔ እንኳ... የምመስለው ጩቤን ነው» አለ።

እሜት ኩምቢት ቀስ ብለው ዞሩና ወደ ሣራቸው ሄዱ። አያ ቢላው ጎጆውን እየጎተተ ድንጋይ ኩሬ ሲገባ አፍሮ ነበር፤ ማፈሩን ግን ለማንም አልተናገረም።

የድንጋይ ኩሬ ለዓይን ያምራል። ጩቤም ደግ ጎረቤት ነበር፤ ትል ሲያገኝ ግማሹን ያካፍላል። ሆኖም በሁለተኛው ቀን አያ ቢላው ጠየቀው።

«ትናንት ማታ ስነዝርልህ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ጠርተኸኝ ነበር እንዴ? ምንም አልሰማሁም እኮ!»

አያ ቢላውን የዚያን ጊዜ አክስቱ ትዝ አሉት። ጎጆውም ከፀሐዩ የተነሣ መላላት ጀመረ። የሚጠግንበት አንድ ሰበዝ ሣር የለም። የመጣበት ቦይ ደግሞ ደርቋል። ውኃው በየቀኑ ሲጎድል እያየ እንቁላሎቹን በገላው ከፀሐይ ይከልላቸው ጀመር።

በአራተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጅብና ቀበሮ መጡ። ጅብ ቢላዋውን በጥርሱ ነክሷል።

«አሁን ይሄ ምን ያደርግልሃል?» አለች ቀበሮ።

ጅብ ቢላዋውን መሬት አስቀምጦ፣ «እያስተያየሁ ነዋ የምበላው! የተመደቡትን ብቻ። ሹም እኮ ነኝ» አላት። መልሶ ነከሰውና ዘሎ ውኃው ውስጥ ገባ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሊጎርስ አፉን ሲከፍት ቢላዋው ውኃ ውስጥ ወደቀ። የኩሬው ጭቃ ከሥር ተነሣ፤ ያ ሁሉ ጥራት በአንድ አፍታ ድፍርስ ሆነ።

«አያ ቢላው! አይታየኝም! የት ነህ?» ብሎ ጮኸ ጩቤ።

ለአያ ቢላው ግን ድፍርስ አዲስ ነገር አይደለም። ጅራቱ ነዘረ፤ የጅብ አራት እግሮች፣ ድንጋዮቹ፣ ጎጆው፣ ሁሉም ባሉበት ተሰሙት። ከድንጋዮቹ ወዲያም ሌላ ንዝረት ሰማ። ደከም ያለ ነው፤ ግን ያውቀዋል። አክስቱ ናቸው።

«የእህቴ ልጅ፣ አለህ?»

«አለሁ እሜት! እንቁላሎቹም አሉ!» ብሎ ነዘረ።

«ስፈልግ ሰንብቼ ከትልቁ ድንጋይ ሥር ቀዳዳ አገኘሁ፤ ወደ ሣር ኩሬ ያወጣል። ንዝረቴን ተከትለህ ና!»

አያ ቢላው የጎጆውን ጠርዝ በአፉ ያዘና ወደ ኋላ መዋኘት ጀመረ። ጩቤን «ከወዲያ ሆነህ ግፋ!» አለው። አንዱ እየሳበ አንዱ እየገፋ፣ የጎጆው ሣር ድንጋዩን እየታከከ፣ ቀዳዳው ውስጥ ገቡ።

ጅብም በበኩሉ ጭቃውን ሲዳብስ አንድ ነገር አገኘ። «ያዝኩት! ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ልስልስ ነው!» ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ነከሰው። ከው አለ ብረቱ። ሁለት ጥርሱ ረገፈ።

«ቀቅለኸው ቢሆን ይሻል ነበር» አለችው ቀበሮና ውልቅ ብላ ሄደች።

ጅብ ጎጆው የሣር ኩሬ ላይ ሲንሳፈፍ አይቶ፣ ያበጠ አፉን ይዞ ወደ አያ አንበሶ ሮጠ። «ጌታዬ፣ ቢላዎቹ ምደባውን ጥሰው የሣር ኩሬ ገብተዋል!»

«አፍህን ምን ነካው?»

«አንዱን ቢላ ስበላ ነው...» አለና ያመለጠው ነገር ዘግይቶ ገባው።

«ለካስ የምትመድበው ለሆድህ ነው!» ብሎ አንበሳ አጓራ። ሹመቱን እዚያው ገፎ አባረረውና ራሱ የሣር ኩሬ ዳር ወረደ። ዓሦቹን ሁሉ ሰብስቦ አያ ቢላውን ጠየቀው። «አንተ፣ ዘመድህ ማነው?»

«እሜት ኩምቢት ናቸው፣ ጌታዬ። አክስቴ ናቸው» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ያን ቀን ስለተሳቀባቸው አፈርኩባቸው። ይቅር ይበሉኝ እሜት።»

«አፍንጫዬንስ ለምጄዋለሁ፤ ሳቁም ምንም አይለኝ» አሉ እሜት ኩምቢት። «የከበደኝ ያንተ መካድ ነበር። አሁን አለፈ፤ ጎጆህን ወደ ጥላው አስጠጋ።»

«እኔስ?» አለ ጩቤ፣ ከጎጆው ጀርባ ብቅ ብሎ።

«አንተም ቢሆን የሩቅ ዘመዳችን ነህ፣ ልጄ። ያን ያህል ስትገፋ ውለህ የት ትሄዳለህ? ግባ!» አሉት። አያ አንበሶም ራሱን ነቅንቆ ፈቀደ።

በማግስቱ እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ። ቀናት አልፈው ልጆቹ ጠንክረው ከጎጆው ሲወጡ፣ ውኃው ድፍርስ ስለነበር አባታቸው እንኳ በዓይኑ አላያቸውም። ግን ስስ፣ ገና የሚንቀጠቀጥ ንዝረታቸው መጣ። ልጆቹ ጥርት ወዳለው ዳር አልሄዱም፤ ንዝረት ወደ መለሰላቸው ወደ እሜት ኩምቢት ሄደው በዚያ ረጅም አፍንጫ ዙሪያ ተኮለኮሉ።

«አያታችሁ ናቸው» አላቸው አያ ቢላው። ይህን ሲል ደስታው ከአፉ እስከ ጅራቱ ነዘረው።

ከዚህ የምንማረው መልኩ የተመሳሰለውን ሁሉ አንድ ወገን ማለት የሰነፍ መዳቢ ሥራ መሆኑንና፣ በጭንቅ ቀን ጠርተን የሚሰማንን ዘመድ በመልኩ አፍረን መካድ እንደማይገባን ነው።