ማገዶ የተባለው ወይን

አንዲት ሴት ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ከልጇ ጋር ወይን ጠጅ እየጠመቀች የምትኖር። ቀይ ወይናቸውን አንዴ የቀመሰ ሰው ደጃቸውን አይረሳም። ልጇ ዳምጤ ታዲያ የወይኑን ዘር ለጠየቀው ሁሉ፣ አንድ የውጭ አገር መስፍን በመርከብ ያመጣው ነው ይል ነበር። መርከቡን ማን አየው? መስፍኑንስ? ማንም።

አንድ ቀን የትልቅ ሆቴል ባለቤት መጣ። ቀምሶ ወደደው፤ ከእንግዲህ ከእናንተ ነው የምወስደው አለ። ብቻ በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈውን የዘሩን ታሪክ ከእናትየው አፍ መስማት ፈለገ። ዳምጤ እናቱን በዓይኑ ተለማመጣት። የዓመታት ድካማቸው በእሷ አንድ ቃል ላይ ተንጠለጠለ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ጀመረች። የባሏ እናት በአንድ ባዕድ ሰው የወይን እርሻ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ወይኑ ሲገረዝ የወደቀውን ቅርንጫፍ ሠራተኞች ለማገዶ ይወስዱታል። አንድ ቀን የማገዶ እስራቸውን አዝለው ሲሄዱ ማጅራታቸው ረጠበ። ዝናብ የለ፣ ምን ይሆን ብለው ሸክሙን አወረዱት። ለካ ከአንዱ ቅርንጫፍ፣ ከተቆረጠበት ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። «ይሄማ ገና አልሞተም» አሉ። እሱን መዝዘው የዕቃ እጣቢ ከሚደፉበት ዘንድ ተከሉት። በቀረው ወጥ ሠሩበት።

«ከዚያ ወዲህ የተከልነው ሁሉ የሱ ልጅ ነው» አለች ሴትዮዋ። «መርከብ አላየም ጌታዬ። በአማቴ ጀርባ ነው የመጣው። ስሙንም እኛ ቤት ማገዶ ነው የምንለው።»

ዳምጤ አንገቱን ደፋ። እንግዳው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«መስፍኖቹን ሌላም ቦታ ጠጥቻቸዋለሁ» አለ። «እኔ ማገዶን ነው የምወስደው።»

ልጆቼ፣ የሴትዮዋ እውነት ደስ ይላል። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ የእኒያ የቀን ሠራተኛ ነገር ነው። ደክሟቸዋል፣ ርቧቸዋል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ግን ሸክማቸውን አውርደው አዩ።

ከእናንተ መካከል በዚያ የማገዶ እስር ውስጥ ያልነበረ ማን ነው? እኔ ነበርኩ። እናንተም ነበራችሁ። አንድ እጅ መዝዞ ተከለን፤ ዛሬ ሲጠይቁን ግን ስለ መርከብ እናወራለን። ተዉ ልጆቼ። ከየት እንደ ተመዘዛችሁ ስትናገሩ ነው የመዘዛችሁ የሚከብረው።

አሁን ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ። እዚያ «ይሄስ ለእሳት ነው» ብላችሁ የተዋችሁት ልጅ አለ፤ ወንድም አለ፤ ባል አለ። ክብሪቱን ከመጫራችሁ በፊት እስቲ ማጅራታችሁን ዳሰስ አድርጉት። ርሶ ይሆናል።