ግልባጭ ለዝናቡ

ስመኝ በአንድ ወረዳ የውሃ ጽሕፈት ቤት የጎርፍ መውረጃ ቦይ በኮምፒውተር የምትነድፍ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ንድፏን ለስብሰባ ስታቀርብ፣ ከቦዩ ተቆፍሮ የሚወጣው አፈር በታችኛው ዳር፣ ልክ የኃላፊው የአቶ ዘርጋው አዲስ ቤት በር ፊት ለፊት ተከምሮ ታየ።

«ይሄ ክምር ወደ ላይኛው ዳር ይሻገር!» አሉ አቶ ዘርጋው ተቆጥተው።

«እዚያ ዳገት ነው፤ ዝናቡ አጥቦ መልሶ ቦዩ ውስጥ ይከተዋል» አለችና ክምሩን አሻግራ አሳየቻቸው። ኮምፒውተሩ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ቦዩ ተደፈነ፤ ውሃውም ሞልቶ የእርሳቸውን ግቢ ጨምሮ ሰፈሩን አጥለቀለቀው።

አቶ ዘርጋው ግን አልተበገሩም። «እንግዲያው ዝናቡን አጥፊው! እምቢ ካልሽ በረሃ የሚያወርድሽን የዝውውር ደብዳቤ ነገውኑ እፈርማለሁ!»

ስመኝ ልጆቿ ትዝ አሏት፤ ዝናቡን አጥፍታ በትሕትና እጅ ነሳች።

«እሺ ክቡር ኃላፊ፣ ከኮምፒውተሩ ላይ አጥፍቼዋለሁ። ደብዳቤውንም ይፈርሙ፤ ብቻ ግልባጩን ለሐምሌ ዝናብ ያድርጉልኝ። እኔ ብዛወርም እሱ የተመደበው እዚሁ ነው።»

አቶ ዘርጋው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ክምሩ እንደ ቀድሞው በታችኛው ዳር፣ በሬ ላይ ይጽና» አሉ።