የሙሒዲን ምርቃት

እኛ ሰፈር፣ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ፣ አንድ ሰው የማይሆነውን ነገር ገዝቶ ሲመጣ ሁሉም የሚሏት አንዲት አባባል አለች። ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ሲሏት ሰምቻለሁ። ሰዉ ከድሮ ጀምሮ የነበረች ይመስለዋል፤ ወላሂ ግን ሁለት ወር እንኳን አልሞላትም። እኔ ስትወለድ እዛው ቆሜ ነበር። ዛሬ ደግሞ ስሜ ተለጥፎ ስላየሁ፣ ቆይ እሱ መጨረሻ ላይ ነው፣ በቃ ለሰው ካልነገርኩ እፈነዳለሁ።

መጀመሪያ ወንድሜን ሙሒዲንን እወቁት። በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፣ ጎበዝ ነው፣ ግን ያለ ምርቃት ምንም ነገር መግዛት አይችልም። ምርቃት ማለቴ ያው፣ ገዝታችሁ ስትጨርሱ ሻጩ ከላይ ጣል የሚያደርግላችሁ ነገር። ከእማ ጋር ገበያ ሲሄድ ነው የለመደበት። ቲማቲም ሲገዛ ቃሪያ፣ ደብተር ሲገዛ እስክሪብቶ። አንዴ እንዲያውም ፀጉር አስተካካዩን ምርቃት ብሎት ሰውዬው ቅንድቡን ነካ ነካ አድርጎለት፣ ሳምንቱን ሙሉ ኮፍያ አድርጎ ከረመ።

እኔ ደግሞ ሁለት መቶ አስራ ሁለት ስዕል ነበረኝ። አንዲት ፍየል የጦሳን ተራራ ስትወጣ ነው። እያንዳንዱ ስዕል ላይ እግሯ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ተከታትሎ ሲታይ በቃ ትሄዳለች። አንድ የወጣቶች ማዕከል ውድድር አውጥቶ ነበር፤ የተመረጡ አምስት ልጆች ክረምቱን ሙሉ አኒሜሽን ይማራሉ። መላኪያው እስከ ቅዳሜ አስራ አንድ ሰዓት ነው። ስዕሎቹን በስልኬ አንስቼ እዛው ልገጣጥማቸው ስሞክር፣ ሃምሳኛው ላይ ሲደርስ ስልኩ ድርግም ይላል። ሃምሳኛው ላይ ፍየሏ ገና ከተማ ውስጥ ናት እኮ።

ሙሒዲን ኮምፒውተር ገጥሜልሽ እዛ ላይ ትሠሪዋለሽ አለኝ። እውነቱን ነው፣ አጎታችን ከዘጋው ኢንተርኔት ቤት የተረፉ ዕቃዎችን ስንት ጊዜ ሲለቃቅም ነበር፦ ሳጥኑን፣ ሃርድ ዲስኩን፣ ማዘርቦርዱን፣ ሁሉንም። የጎደለው ራም ብቻ ነበር። ራም ኮምፒውተሩ እየሠራ ያለውን ነገር የሚይዝበት፣ እንደ አጭር ማስመሪያ ያለ ቀጭን ነገር ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ጠባብ ማስገቢያ አለው፣ እዛ ውስጥ ይሰካል። ያለሱ ኮምፒውተሩ አይነሳም።

ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ ሲራጅ ሱቅ ሄድን። ሲራጅ ያገለገሉ የኮምፒውተር ዕቃዎች ይሸጣል። ሙሒዲን በፌስታል የያዘው ለኢድ የተገዛለትን የቆዳ ጫማ ነው፣ አንድ ቀን ብቻ ያደረገውን። ለኔ ፍየል ብሎ ሊለውጠው ነው፣ ይሄንን አልረሳለትም። ሲራጅ ጫማውን ሲያይ ዓይኑ በራ። ቦርዳችሁ የትኛውን ራም ነው የሚቀበለው ብሎ ጠየቀ፤ ሙሒዲንም ኮራ ብሎ የዴስክቶፕ ነው አለው። የዴስክቶፕ መሆኑንማ ማን አጣው። ሲራጅ እንግዲያው የድሮ ከሆነ ብሎ ዲዲአር ሦስት የሚባለውን የራም ዓይነት አወጣ። ተስማሙ። አለቀ። እኔ እግሬ ወደ በሩ ዞሯል።

«ምርቃትስ?» አለ ሙሒዲን።

ሲራጅ ራሱን አከከና፣ «እሺ፣ በሦስቱ ፋንታ አራቱን ውሰድ። ቦርድህ ከተቀበለው» አለው።

ዲዲአር አራት አዲስ ነው፣ ፈጣን ነው። ሙሒዲን «ከተቀበለው» የምትለዋን የሰማት አይመስለኝም፣ ኪሱ ከትቶ ወጣ። ሲራጅም ጫማውን እግሩ ላይ እንኳን ሳይሞክር ባንኮው ስር ወሸቀው። መንገዱን ሙሉ ወንድሜ ሦስት ጠይቆ አራት ስለማግኘቱ አወራልኝ።

ግቢያችን ውስጥ አባባ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የበቅሎ ኮርቻና ልጓም ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ አሁንም በራቸው ላይ ተቀምጠው የሰው ጫማና ቦርሳ ይጠግናሉ። ድሮ በቅሎዋን ይዞ ላልመጣ ሰው ልጓም አልሸጥም ይሉ ነበር አሉ። ከየጁ ድረስ ለመጣ ሰው እንኳን፣ ተመለስና በቅሎዋን አምጣት።

እኛ ከእሳቸው ፊት ለፊት ጠረጴዛ አውጥተን ሳጥኑን ከፈትን። ሙሒዲን ራሙን ማስገቢያው ላይ አደረገና ተጫነ። አልገባም። ገልብጦ ተጫነ። አልገባም። ስምንት ሰዓት ሆነ። እኔ ጠረጴዛውን እዞራለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። አዲስ ስለሆነ ጠብቆ ነው አለኝ። ከዛ ተነስቶ ቆመና በሁለት አውራ ጣቱ፣ በሙሉ ክብደቱ ሲጫን ማዘርቦርዱ ጎበጠ። ወላሂ እንደ ቅል ጎበጠ። በእጄ አፌን ያዝኩ፣ ምክንያቱም ቦርዱ ከተሰበረ ሌላ የለንም።

«አንተ ልጅ፣ ተው» አሉ አባባ ይማም ከተቀመጡበት። «እስቲ ወዲህ በለው።»

መነጽራቸውን አደረጉና ራሙን በጥፍራቸው ዳበሱት። ከታች በኩል ጠርዙ ላይ ትንሽ ጎደሎ አለችው። ማስገቢያው ውስጥ ደግሞ ትንሽ ጥርስ አለች። ጥርሷ ጎደሎዋ ውስጥ መግባት ነበረባት፣ ግን የቆመችው ሌላ ቦታ ነው፣ በጣት ውፍረት ያህል እንኳን አይሆንም ልዩነቱ።

«ስትገዛው ለክተኸዋል?»

«ምርቃት እኮ ነው፣ አባባ።»

«ምርቃቱን መቼ ጠየቅኩህ? ለክተኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።»

እኔ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን አቧራ በቀሚሴ ጠረግ ሳደርገው፣ እዛው ማስገቢያው አጠገብ፣ በደቃቅ ነጭ ፊደል፣ ዲዲአር ሦስት ይላል። ጠዋት አንዴ እፍ ብንለው ኖሮ እናየው ነበር።

ወደ ሲራጅ ልንሮጥ ስንል አባባ ይማም ከዘራቸውን አነሱ። እኔም እመጣለሁ አሉ። ደግሞ፣ «በቅሎዋንም ይዛችኋት ኑ» አሉን። ሳጥኑን ማለታቸው ነው። ሙሒዲን ኮምፒውተሩን ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ እኔ ስክሪኑን አቅፌ፣ እሳቸው ከፊት። አይ መንገድ። አባባ ይማም ያገኙትን ሰው ሁሉ ደህንነቱን ሳይጠይቁ አያልፉም፤ የልጆቹን፣ የከብቶቹን፣ የዝናቡን። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። አንዱን ሰውዬ ስለ ላሙ ሁለቴ ጠየቁት። ልቤ ፍየሏን ትታ ብቻዋን ጦሳን ወጣች።

ስንደርስ ሲራጅን አጎንብሶ ነው ያገኘነው። ቀና ሲል ፊቱ ቀልቷል። ሙሒዲን ነገሩን ሲነግረው ሳይጨርስ እንኳን፣ «ወንድሜ፣ ምርቃት አይመለስም። አባቶቻችንም አልመለሱም» አለው። የምርቃትን ሕግ ደግሞ ከሙሒዲን በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። በዝምታ ነው፣ ግን እንባዬ ስክሪኑ ላይ ተንጠባጠበ።

አባባ ይማም ግን ሲራጅን አያዩትም፣ ባንኮው ስር ነው የሚያዩት። ሲራጅ የወንድሜን ጫማ አድርጓል። ማለቴ ግማሹን አድርጓል። ተረከዙ ውጭ ነው፣ በማንኪያ እጀታ ሊያስገባው ሲታገል ነው የደረስነው።

ያኔ አንዲት ነገር አሉ። ሲራጅ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዛ ተረከዙን አየ፣ ከዛ ሳቀ። ተስማሙ፤ አባባ ይማም ጫማውን የእግር ቅርጽ ባለው እንጨት ላይ ወጥረው በሲራጅ እግር ልክ ሊያሰፉለት፣ እሱ ደግሞ አራቱን ተቀብሎ ሦስቱን ሊሰጠን፣ ያለ ምርቃት። ሲራጅ እዛው ባንኮው ላይ የራሙን ጎደሎ ከጥርሷ ጋር አገጣጠመና ሁለቱን ጫፍ በስሱ ተጫነ። ቀጭ። ግራና ቀኝ ያሉት መያዣዎች ራሳቸው ተዘጉ። ያ ሁሉ ጉልበት፣ ለካ ቀጭ ብቻ ነበር።

አበራነው፣ ስክሪኑ ጨለማ። አስር ሰዓት ሊሆን ነው። ሲራጅ መልሶ ነቀለውና ራሙ ጠርዝ ላይ ያሉትን ወርቃማ መስመሮች አይቶ፣ ቆሽሿል፣ ላጲስ ያለው አለ ወይ አለ። ላጲስ። ሁለት መቶ አስራ ሁለት ስዕል የሠራሁትን ልጅ ነው የሚጠይቀው። ከቦርሳዬ አውጥቼ ራሴ ፈገፈግኩት፣ መልሰን ሰካነው፣ ጢጥ አለና በራ። ስዕሎቹን ከስልኬ ገልብጬ እዛው ገጣጠምኳቸውና በሲራጅ ስልክ ኢንተርኔት ለአስራ አንድ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ላክሁት፣ ፍየሏም ጫፍ ደረሰች። ዛሬ ማዕከሉ በር ላይ የአምስቱን ስም ለጥፈዋል፤ ሁለተኛዋ ፈትያ ነው የሚለው፣ የኔ ስም።

ውይ፣ አባባሏን ዘለልኳት። ሰፈሩን ያዳረሳት ራሱ ሲራጅ ነው፣ ጫማውን ላየ ሁሉ እያወራ። ያቺን ሰዓት አባባ ይማም መጀመሪያ ወንድሜ እጅ ላይ ያለውን ራም አዩ፣ ቀጥሎ የሲራጅን ተረከዝ አዩ፣ ከዘራቸውን ተደገፉና ለሁለቱም እኩል እንዲህ አሏቸው፦ «አፍ ሳያዩ የገዙት ልጓም፣ ቢገፉት አይገጥም።»